ዲሹ ከተተከለ በኋላ «እምምም» የሚለው ድምፅ ከየት መጣ?

ኑሮና ሙያ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የመብራት ቆጣሪ እንዴት እንደሚነበብ ተመልክተናል። ብዙዎቻችሁ የየቤታችሁን ቆጣሪ አንብባችሁ ቁጥሩን በደብተር ጽፋችሁ አምጥታችሁልናል። እሰየው! ዛሬም ከመብራት ብዙ አንርቅም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ድምፅ ነው።

ድምፁ «እምምም» ይላል። አያርፍም። ቤት ውስጥ ዲሽ ተተክሎ፣ ቴሌቪዥኑ ከአምፕሊፋየርና ከትልቅ ስፒከር ጋር ሲገናኝ ይመጣል። በቴሌቪዥኑ ሰው ሲናገር ከንግግሩ ሥር ይሰማል። ሰው ዝም ሲል ደግሞ እሱ ብቻውን ይቀራል። ንብ የሞላበት ቀፎ አጠገብ የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል።

ይህ ነገር የገጠማችሁ አላችሁ። እኛንም ገጥሞናል። ስለዚህ መጀመሪያ የእኛን ታሪክ እንንገራችሁ።

የእማማ ቤት

በተከራየንበት ግቢ ውስጥ የቤቱ ባለቤት የሆኑ አንዲት እናት አሉ። እኛ እማማ እንላቸዋለን። ጆሯቸው ደከም ብሏል። ዐረብ አገር የምትሠራ ልጃቸው ገንዘብ ላከችላቸውና ዲሽ አስተከሉ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለማይበቃቸው አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ተጨመረ።

ዲሹ የተተከለ ዕለት ማታ ሁላችንም ተሰበሰብን። ቡና ተፈላ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ሥዕሉ ጥርት ብሏል። ድምፁ ግን «እምምም» ይላል።

እማማ ጥቂት አዳመጡና፣ «ልጆቼ፣ ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሰውየው ምን እያለ ነው?» አሉን።

እኛም፣ «ዲሹ ተንጋዶ ነው» አልን። ከእኛ አንዱ በጨለማ ጣራ ላይ ወጣ። ቆርቆሮው በዝናብ ርሶ ያንሸራትት ነበር። ዲሹን ወደ ቀኝ ገፋው፤ ወደ ግራ ገፋው። ሥዕሉ ጠፋ። «እምምም» ግን አልጠፋም! ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል። ተምረናል የምንል ሰዎች ሳናስብ ጣራ ላይ ወጣን።

በማግስቱ ዲሹን የተከለው ሠራተኛ ተጠራ። አዳመጠና ሳቀ። «ይህማ ቀላል ነው» አለ። ፒንሳ አወጣ። «የአምፕሊፋየሩን ስፒና ልፍታውና አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላትን ሽቦ ልቁረጣት። ያኔ ጸጥ ይላል» አለን።

እኛ ዝም አልን። እማማ ግን ዝም አላሉም።

«ቆይ ልጄ፣ ይቺ ሽቦ ለምን ተሠራች? መጀመሪያ ንገረኝ፤ ከዚያ ትቆርጣለህ» አሉት።

ሠራተኛው ትንሽ አሰበና፣ «ለጥንቃቄ ናት፣ እማማ» አለ።

«ታዲያ ጥንቃቄ ይቆረጣል እንዴ?» አሉት።

ሰውየው ፒንሳውን ወደ ኪሱ መለሰ። እኛም ከእማማ አንድ ትምህርት ተማርን። አንድን ነገር ከመቁረጥ በፊት ለምን እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ እንጠይቅ።

ድምፁ ከሰማይ አይመጣም

ዲሽ የሚቀበለው ከሳተላይት የሚላከውን ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የናይልሳትም ይሁን የኢትዮሳት ሥርጭት በቁጥር መልክ ነው የሚላከው። ሪሲቨሩ ቁጥሮቹን ተቀብሎ መልሶ ሥዕልና ድምፅ ያደርጋቸዋል።

በቁጥር የሚላክ ነገር አንድ ጠባይ አለው። በደንብ ከደረሰ ጥርት ይላል። በደንብ ካልደረሰ ሥዕሉ ይቆማል ወይም እንደ ትናንሽ ካሬዎች ይቆራረጣል። ድምፁም ይቆራረጣል። ነገር ግን «እምምም» አይልም። ስለዚህ ሥዕሉ ጥሩ ሆኖ «እምምም» ከተሰማችሁ ዲሹን አታዙሩ። ጣራ ላይም አትውጡ። ችግሩ ሰማይ ላይ አይደለም። እቤት ውስጥ ነው።

ታዲያ ከየት ይመጣል? ከመብራት ነው። በአገራችን በየቤቱ የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይፈስም። ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ይህ ምልልስ ወደ ስፒከር ከገባ በጆሯችን ወፍራም «እምምም» ሆኖ ይሰማል።

ሁለት መሬት፣ አንድ ገመድ

አሁን እማማ ወደ ጠየቁት ሽቦ እንመለስ። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሽቦ የመሬት ሽቦ ይባላል። ሠራተኞች ግራውንድ ይሉታል። የዕቃውን ብረት መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ያገናኛል። በዕቃው ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በዚህ ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል። ሽቦው ከሌለ ብረቱን የነካ ሰው ራሱ መንገድ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ በሰውየው አካል አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል ማለት ነው።

እንግዲህ በእማማ ቤት የነበረውን እንመልከት። አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ በኩል ከቤቱ የመሬት ዘንግ ጋር ተገናኝቷል። ይህ አንዱ መሬት ነው። ዲሹ የቆመበት የብረት ቱቦ ደግሞ በጓሮ በኩል አፈር ውስጥ ተተክሏል። ይህ ሁለተኛው መሬት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? የዲሹ ገመድና የድምፁ ገመድ ናቸው። የዲሹ ገመድ መሐሉ አንድ ሽቦ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ እንደ መረብ የተጠለፈ ብረት ይሸፍነዋል። የድምፁም ገመድ እንዲሁ መሸፈኛ አለው።

ሁለቱ መሬቶች እኩል ቢሆኑ ችግር ባልነበረ። ግን እኩል አይደሉም። በአንደኛው ትንሽ ቮልት ይበልጣል። ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክም ከሚበልጠው ወደሚያንሰው በገመዱ መሸፈኛ በኩል ይሄዳል። አምፕሊፋየሩ ከድምፁ ጋር ይህንንም ይቀበላል። የእሱ ሥራ ማጉላት ነው፤ አይመርጥም። ትንሿን ነገር አጉልቶ «እምምም» ያሰኛታል።

ሰውየው ሽቦዋን ቢቆርጣት ኖሮ በርግጥ ጸጥ ይል ነበር። ምክንያቱም ዙሪያው ይበጠሳል። ግን ጸጥ ማለት መዳን አይደለም። የሚያለቅስ ሕፃን አፉን ስለያዙት ሕመሙ አይለቀውም።

አንድ በአንድ እየነቀሉ መፈለግ

ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ትዕግሥት ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ትለውጣላችሁ። ከዚያ ታዳምጣላችሁ። ያያችሁትን በደብተር ትጽፋላችሁ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። እኛም በእማማ ቤት እንዲህ አደረግን።

አንደኛ፤ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ መቀነሻ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግን። «እምምም» ቀነሰ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ዝቅ ተደርጎም እንደነበረ የሚቀጥል ከሆነ ችግሩ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለጠጋኝ ይሰጣል። ራሳችሁ አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ተጠራቅሞ የሚቆይ ኃይል ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፤ አምፕሊፋየሩን አጥፍተን ከሪሲቨሩ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ነቀልን። መልሰን ከፈትነው። ጸጥ አለ። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመጣው በገመዱ በኩል ነው።

ሦስተኛ፤ የድምፁን ገመድ መልሰን ሰካን። አሁን ደግሞ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ላይ ፈታን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። መጀመሪያ ሪሲቨሩንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ አምፕሊፋየሩንም ከሶኬት ነቅለናል። ለምን? ሪሲቨሩ ዲሹ ላይ ላለው መቀበያ፣ ኤል ኤን ቢ ለሚባለው፣ በዚያው ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። ሳይነቀል ቢፈታና ሽቦው መሸፈኛውን ቢነካ ሪሲቨሩ ሊበላሽ ይችላል። ገመዱን ከፈታን በኋላ ዕቃዎቹን ሰክተን ከፈትን። ሥዕል የለም። «እምምም»ም የለም!

ስለዚህ መንገዱ ተገኘ። በዲሹ ገመድ በኩል ነው። የዲሹ ገመድ ተፈትቶም ድምፁ ቢቀጥል ኖሮ የድምፁን ገመድ እንጠረጥር ነበር። የተላጠ ወይም ጫፉ የላላ ገመድ «እምምም» ያመጣል። የድምፅ ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠቅልሎ ሲሄድም ያመጣል።

የእንጀራ ቀን

ይህን ሁሉ ጽፈን ሳለ አንድ ነገር አስተዋልን። ድምፁ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ማክሰኞ ትንሽ ነበር። ረቡዕም ትንሽ ነበር። ሐሙስ ጧት ግን ቤቱን አናወጠው። ሐሙስ ምን አለ? እማማን ጠየቅናቸው።

«ሐሙስማ እንጀራ እጋግራለሁ» አሉን።

ምጣዱ እንዲጠፋ አደረግን። ድምፁ ቀነሰ። ምጣዱ በራ። ድምፁ ጨመረ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቱንም ጊዜ እንዲያው ሆነ። በዚህ ጊዜ ደነገጥን። ስፒከሩ ሳሎን ነው። ምጣዱ ማድ ቤት ነው። ምን ያገናኛቸዋል?

ከዚህ በላይ የእኛ ሥራ አልነበረም። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ሜትራቸውን አውጥተው ለኩ። የምጣዱ ብረትና የማድ ቤቱ ርጥብ ወለል መካከል ምንም ቮልት መኖር አልነበረበትም። ሜትሩ ግን ቁጥር አሳየ። ወዲያው ቆጣሪው ጋ ሄደው ኃይሉን አጠፉ። ምጣዱን ገለበጡ። ከሥሩ የሽቦው ልባስ በሙቀት ተቃጥሎ ሽቦው ብረቱን ይነካ ነበር።

ወደ መሬቱም ዘንግ ሄዱ። ሽቦውን ከዘንጉ ጋር ያሠረው ብረት ዝጎ ላልቷል። ስለዚህ ከምጣዱ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መውረጃ አጣ። ሌላ መንገድ ፈለገ። በመሬት ሽቦው ወደ አምፕሊፋየሩ መጣ። ከዚያ በድምፁ ገመድ፣ ከዚያ በዲሹ ገመድ፣ ከዚያ በዲሹ ቱቦ አድርጎ ጓሮ ወረደ። ሲያልፍ የሰማነው ድምፅ ነው «እምምም»።

ጋሼ ዘወር ብለው አዩንና፣ «ያቺ ሽቦ ተቆርጣ ቢሆን ኖሮ ስፒከሩ ዝም ይል ነበር። ምጣዱ ግን ዝም አይልም» አሉ።

እማማ እንጀራ የሚጋግሩት ባዶ እግራቸውን ነው። ወለሉም ርጥብ ነው። ማናችንም አልተናገርንም።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወደቀም?» ብለን ጠየቅናቸው። ጋሼም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። የእንጀራ ምጣድ ከ15 አምፔር በላይ ሊወስድ ይችላል። ተራው ብሬከር የሚወድቀው ከዚህም የበለጠ ሲያልፍበት ነው። ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር ያነሰ ይበቃል። ብሬከሩ ትንሿን ፍሳሽ አያያትም። ትንሿን ፍሳሽ የሚጠብቅ ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ። ብዙ ጊዜ 30 ሚሊ አምፔር ተብሎ ይጻፍበታል። ይህም የአንድ አምፔር ሺህኛ 30 እጅ ነው። ይህን ያህል ወደ መሬት ሲያመልጥ በቅጽበት ያጠፋል። እማማም ከልጃቸው ገንዘብ በተረፈው ይህን አስገጠሙ።

እንዴት ጸጥ አለ?

የምጣዱ ሽቦ ተለወጠ። የመሬቱ ዘንግ ተጠርጎ በአዲስ ብረት ታሠረ። ትልቁ ድምፅ ጠፋ። ትንሿ «እምም» ግን ቀረች። ለእሷ ደግሞ የሚከተለው ተደረገ።

የዲሹ ገመድ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ መሸፈኛው በወፍራም ሽቦ ከቤቱ የመሬት ዘንግ ጋር ተያያዘ። የዲሹም ቱቦ እንዲሁ። አሁን ሁለት መሬት የለም፤ አንድ ሆኗል። ይህን ሥራ የሠሩት ጋሼ ናቸው።

ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩና አምፕሊፋየሩ ሦስቱም በአንድ ሶኬት፣ በአንድ ዲቫይደር ተሰኩ። ዲቫይደሩ የመሬት ሽቦ ያለው ነው። የድምፁም ገመድ ከመብራት ገመድ ተለየ። መገናኘት ግድ በሆነበት ቦታ እንደ መስቀል ተሻግሮ እንዲያልፍ ተደረገ። ይህን የሠራነው እኛ ነን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ባይጠፋስ? ሌላ መላ አለ። አንዳንድ ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር ድምፅን በብርሃን የሚያሻግር ገመድ ይቀበላሉ። ኦፕቲካል ይባላል። በገመዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይሄድም፤ ብርሃን ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «እምምም» መተላለፊያ የለውም። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ግን ብረት ስላለው ይህን አያደርግም። በድምፅ ገመዱ ላይ የሚገባ መለያ ትራንስፎርመርም አለ። ለተራ የቴሌቪዥን አንቴና የተሠራውን መለያ ግን በዲሽና በሪሲቨር መካከል አታስገቡ። ለኤል ኤን ቢው የሚላከውን 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚያግድ ሥዕሉ ይጠፋል።

እነዚህን አንርሳ

አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ አትቁረጡ፤ ማንም እንዲቆርጠው አትፍቀዱ። የተቆረጠ ካለም አስቀጥሉ።

ሪሲቨሩን ወይም የገመዱን ብረት ስትነኩ ውርር ካደረጋችሁ እጃችሁን አንሡ። አንዳንድ ዕቃ ከአሠራሩ እጅግ ጥቂት ያስተላልፋል። ግን እጅ ትንሹን ከሚገድለው መለየት አይችልም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይለየው።

ሰማዩ ሲያጉረመርም ከዲሽና ከዲሽ ገመድ ራቁ።

ርጥብ ጣራ ላይ አትውጡ። እኛ ወጥተን ነበር። እናንተ አትድገሙት።

ባለፈው ሐሙስ እማማ እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ስፒከሩ ጥርት ብሎ ይናገራል። ከሥሩ ምንም የለም። እማማ አዳመጡና፣ «ያ ወፍጮ ሄደ። ደግ አደረገ ግን፤ ሳይነግረን አልሄደም» አሉ።

አስቸጋሪ ቃላት

ሪሲቨር፦ ከዲሹ የመጣውን ሥዕልና ድምፅ አድርጎ ለቴሌቪዥን የሚሰጥ ሣጥን።
አምፕሊፋየር፦ ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ።
ልባስ፦ ሽቦን የሚሸፍን ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ።
ስፒና፦ ሶኬት ውስጥ የሚሰካው የገመድ ጫፍ።
ፍሳሽ፦ ከሽቦው አምልጦ በሌላ መንገድ የሚሄድ ኤሌክትሪክ።

አንብባችሁ መልሱ

1. ሥዕሉ ጥሩ ሆኖ «እምምም» ሲሰማ ዲሹን ማዞር ለምን አይጠቅምም?
2. የመሬት ሽቦ ሥራው ምንድን ነው?
3. ድምፁ ሐሙስ ቀን ለምን ጨመረ?
4. በቤታችሁ ያሉትን ስፒናዎች ተመልከቱ። የመሬት ሽቦ መንኪያ ያላቸው ስንት ናቸው? የሌላቸውስ? ሳትፈቱ፣ ሳትነኩ ቁጠሩና በደብተራችሁ ጻፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዲቫይደር እንነጋገራለን። አንድ ዲቫይደር ስንት ዕቃ ይችላል? እስከዚያው በደኅና ሰንብቱ።